ከባሕር ከወጣህ በኋላ ጣርማ በር ገና ይቀርሃል

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ጅቡቲ ወደብ ላይ በትራንዚት ሥራ ከተሰማራሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ጓደኞቼ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ 28 ሜትር ላይ የተኛች የጭነት መርከብ ሊያዩ ሊጠልቁ ነው፤ እኔንም ና ይሉኛል። ዋና እችላለሁ፣ በሬሳ ወንዝ ላይ ነው ያደግሁት። ጥር 8 ጠልቄ ጥር 9 ሌሊት በመኪና ተነሥቼ በሚሌ፣ በኮምቦልቻ፣ በደብረ ሲና አድርጌ ለከተራ ቤት መድረስ እፈልጋለሁ። የጠለቀ ሰው ወዲያው አውሮፕላን ላይ አይወጣም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን የምሄደው በመኪና ነው። ዋና መቻሌ ይበቃኛል? መርከቧ ውስጥስ መግባት ይቻላል?»

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ጠይቀሃል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ያልጠየቅኸው፣ እግረ መንገድህን ጣል አድርገህ ያለፍኸው ነው፤ «እኔ ግን የምሄደው በመኪና ነው» ያልኸው። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ክልከላው የአውሮፕላን ክልከላ አይደለም፤ የከፍታ ክልከላ ነው። ሰውነትህ የሚያውቀው በዙሪያው ያለውን የአየር ግፊት ብቻ ነው። ያ ግፊት የቀነሰው በክንፍ ወጥተህ ይሁን በጎማ ለደምህ ልዩነት የለውም። የመንገደኛ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲበር ውስጡ ያለው አየር 2,438 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር የበለጠ እንዳይሳሳ ተደርጎ ይጠበቃል። ደብረ ብርሃን የምትገኘው 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከደብረ ሲና በላይ የምታልፍበት የተራራ መተላለፊያ፣ ጣርማ በር፣ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አስበው እንግዲህ፤ «አውሮፕላን ላይ አትውጣ» የተባለው ሰው ከሚደርስበት ከፍታ አንተ በመኪና ተቀምጠህ አልፈኸው ትሄዳለህ። አገራችን ደጋ ስለሆነች ይህ ነገር ከሌላው ዓለም ጠላቂ ይልቅ እኛን ይመለከታል። ውጭ አገር የተጻፈው የጠላቂ መማሪያ የተጻፈው ቤቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ነው።

ግፊት ሲባል የሩቅ ነገር እንዳይመስልህ፣ አንተው በዓይንህ አይተኸዋል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ የጠጣኸውን ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቀህ ወንበር ሥር ብትወረውረው፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ጎኑ ገብቶ፣ ተጨማድዶ ታገኘዋለህ። ማንም አልረገጠውም፤ የቆላው አየር ነው የጨመቀው። ጆሮህም ጣርማ በርን እንዳለፍህ ድፍን ይልና ምራቅህን ስትውጥ ጧ ብሎ ይከፈታል። ያ ሁሉ ቁልቁለት፣ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ፣ የሚጨምረው ግፊት ባሕር ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል ከመውረድ አይበልጥም። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ ሙሉ የባሕር ጠለል ግፊት ይጨመራል። የእናንተ መርከብ የተኛችበት 28 ሜትር ላይ የሚጫንህ ግፊት ወደብ ላይ ቆመህ ከሚጫንህ አራት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው።

በዚያ ግፊት የምትተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ላይ ሳለህ ናይትሮጅን ገብቶ ይወጣል እንጂ ምንም አያደርግህም። ታች ግን ግፊቱ እያስገደደው ደምህ ውስጥ፣ ከዚያ ጡንቻህ፣ ስብህ፣ መጋጠሚያህ ውስጥ ይሟሟል። አምቦ ውሃ ክዳኑ እስካለ ድረስ ጥርት ብሎ ሲታይ ጋዝ ያለበት አይመስልም። ክዳኑን ቀስ አድርገህ ስትለቀው እስ... እያለ ይተነፍሳል፤ በአንድ ጊዜ ብትከፍተው ገንፍሎ እጅህን ያርሰዋል። ከጥልቅ የሚወጣ ሰው ሰውነትም እንደዚያው ነው። ቀስ ብሎ ከወጣ ናይትሮጅኑ በሳንባው በኩል ሹልክ ብሎ ይወጣል፤ ከቸኮለ ባለበት አረፋ ይሆናል። አረፋው መጋጠሚያ ላይ ከተቀመጠ ሕመም ነው፤ ህብለ ሰረሰር ላይ ከተቀመጠ ግን እግር ይከዳል።

ይህን በሥርዓት ያጠናው ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1908 ውጤቱን አሳተመ። የተሞከረባቸው እንስሳት ፍየሎች ነበሩ። ፍየሏን የብረት ክፍል ውስጥ ያስገቡና ግፊት ይጨምሩባታል፣ ከዚያ ያወጧታል። አወጣጡ ከፈጠነ አንድ እግሯን አንሥታ ታነክሳለች። እኔ መንዝ ውስጥ ፍየል ስጠብቅ ያደግሁ ሰው ነኝና ይህን መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት ለፍየሎቹ አዘንሁ። ግን የዛሬ ጠላቂ በየደረጃው ቆም እያለ የሚወጣው እነሱ ባነከሱት ነው።

አሁን ወደ መንገድህ ልመልስህ። የመጥለቂያ ሰንጠረዡም ሆነ እጅህ ላይ የሚታሰረው ዳይቭ ኮምፒውተር የሚያሰላው ጀልባው ላይ ወጥተህ ባሕር ጠለል ላይ እንደምትቆይ አድርጎ ነው። ከ28 ሜትር ወደ ላይ ስትወጣ በሥርዓት ወጥተሃል እንበል። ሰውነትህ ውስጥ ግን ገና ያልወጣ ናይትሮጅን አለ፤ ለሰዓታት ይኖራል፤ ባሕር ጠለል ላይ እስካለህ ድረስ ግን አይጎዳህም። አንተ በዚያው ሌሊት ተነሥተህ ተራራ ከወጣህ፣ ደብረ ብርሃን ያለው ግፊት የወደቡ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አምቦውን በጥንቃቄ ከከፈትኸው በኋላ እንደገና እየናጥኸው ነው ማለት ነው። የምትወጣው 28 ሜትር ብቻ አይደለም፤ መውጫህ ጀልባዋ ላይ ሳይሆን ጣርማ በር ላይ ነው የሚያበቃው።

ይህን የምነግርህ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ወጣት ሳለሁ ምጽዋ ላይ በጠላቂነት እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የመርከብ ሆድ ሥር ስንሠራ አረፈድን፤ ሃያ ሜትር ገደማ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ወረድሁ። ከሰዓት በኋላ አሥመራ ሠርግ ነበረኝና ልብሴን ቀይሬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ከምጽዋ አሥመራ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ተነሥተህ ከ2,300 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ጊንዳዕ ድረስ ምንም አልነበረኝም። ነፋሲትን አልፈን ጠመዝማዛው ሲጀምር ቀኝ ትከሻዬን አንድ ነገር ቆፈረኝ። እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ከውጭ ብትነካው አታገኘውም፣ ብትተኛም ብትቀመጥም ቦታ አይሰጥህም። ከባድ ነገር ስላነሣሁ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። አሥመራ ስደርስ ሙሽራይቱ ልታጎርሰኝ ስትመጣ ሳህን የያዝሁበትን እጄን ከፍ ማድረግ አቃተኝ። ሌሊቱን በቅቤ አሽተውኝ አደርሁ። በማግስቱ ወደ ምጽዋ ስመለስ፣ ከጊንዳዕ በታች ሕመሙ እየላላ እየላላ ሄደ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ትከሻዬን ያቀለለው ቅቤው አልነበረም፤ የቆላው አየር ነው አረፋውን መልሶ የጨመቀው። ቀለለኝ ብዬ ወደ ሐኪም አልሄድሁም፤ ስሕተት ነበር። ሕመሙ ቢቀልም ኦክስጅንና ሕክምና ያስፈልገኝ ነበር። ያቺ ትከሻ ዛሬም ብርድ ሲሆን ታስታውሰኛለች።

እንግዲህ ስንት ሰዓት ልቆይ ትለኛለህ። ለበረራ በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የግዴታ ማቆሚያ (ወደ ላይ ሲወጡ የግድ ቆም የሚባልበት ደረጃ) የሌለበት ጠልቆ ለወጣ ቢያንስ 12 ሰዓት፤ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት፤ የግዴታ ማቆሚያ ያለበት ከሆነ ከዚያም በእጅጉ የበለጠ። ይህ ግን የአውሮፕላኑን 2,438 ሜትር አስቦ የተጻፈ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠላቂዎች መመሪያ ከጠለቁ በኋላ ወደ ከፍታ ስለ መውጣት ሰንጠረዥ አለው፤ ሰንጠረዡ 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,048 ሜትር ላይ ያበቃል። የእኛ ጣርማ በር ሰንጠረዡ ዳር ላይ ነው ያለው። ስለዚህ እኔ ለተማሪዎቼ የምላቸው፣ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ የሚወጣ ሰው ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ ሁለት ሙሉ ቀን፣ 48 ሰዓት፣ ባሕር ጠለል ላይ ይቆይ ነው። በዛ የሚሉኝ አሉ። ትከሻዬን አሳያቸዋለሁ።

«ኮምቦልቻ አድሬ ብሄድስ?» እንዳትለኝ። ኮምቦልቻም ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ እሷም ከፍታ ነች። መቆየት ያለብህ ከመነሣትህ በፊት፣ ጅቡቲ ላይ ነው። ድሮ ከታጁራ አንኮበር የሚወጣ ቅፍለት ይህ ጣጣ አይነካውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው እንግሊዛዊ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ለመግባት ሳምንታት ፈጅቶበታል። በዚያ የግመል እርምጃ የተጓዘ ሰው ቢጠልቅ እንኳ ናይትሮጅኑ አንኮበር ሥር ካለችው አልዩ አምባ ሳይደርስ አልቆለታል። አስፋልቱ ነው ችግሩን ያመጣው።

ይህን ሁሉ ጠብቀህም ቢሆን ምልክቱን እወቅ። ከጠለቅህ በኋላ ትከሻ፣ ክርን ወይም ጉልበት ከቆፈረህ፣ ቆዳህ ካሳከከህና ከተዥጎረጎረ፣ እጅ እግርህ ከደነዘዘ፣ ካዞረህ፣ ሽንትህ እምቢ ካለህ፣ ወይም ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ድካም ከጣለህ «መንገድ ነው፣ ብርድ ነው» አትበል። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይታያል፤ ከፍታ ስትወጣ ግን ዘግይቶም ሊነሣ ይችላል። መንገድ ላይ ከጀመረህ ወደ ላይ አትቀጥል፤ ደብረ ሲና ላይ ከሆንህ ወደ ሸዋ ሮቢት ተመለስና የጤና ተቋም ግባ። ለሐኪሙ የመጀመሪያው ቃልህ «ባሕር ውስጥ ጠልቄ ነበር፣ ይህን ያህል ሜትር፣ በዚህ ሰዓት» ይሁን። ካልነገርኸው ከየት ያውቃል? ቁርጥማት ብሎ መርፌ ወግቶ ይሰድሃል። የመጀመሪያ እርዳታው ንጹሕ ኦክስጅን በማስክ ነው። ዋናው ሕክምና ደግሞ በሽተኛውን የግፊት ክፍል ውስጥ አስገብቶ መልሶ መጫንና ቀስ እያሉ መልቀቅ ነው። እንዲህ ያለው ክፍል የት እንደሚገኝ ጅቡቲ ያሉትን አስጠላቂዎች ገና ሳትጠልቅ ጠይቃቸው። መልስ ከሌላቸው ከእነሱ ጋር አትጥለቅ።

ስለ ዋና መቻል ወደ ጠየቅኸኝ ልግባ፤ እሱ አጭር ነው። ዋና መቻል ጥሩ ነው፣ ግን መግቢያው ብቻ ነው። ለጀማሪው ትምህርት የሚጠይቁህ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ተንሳፍፎ መቆየት ነው፤ የበሬሳ ልጅ ይህ አያቅተውም። በውሃ ሥር መተንፈስ ግን ሌላ ትምህርት ነው። ዋናተኛ ትንፋሹን ይይዛል፤ ጠላቂ ፈጽሞ ትንፋሹን አይይዝም። 10 ሜትር ላይ ሳንባህን ሞልተህ ትንፋሽ ይዘህ ብትወጣ ያ አየር ላይ ስትደርስ እጥፍ ይሆናል፤ ሳንባ ደግሞ እጥፍ መሆን አይችልም። ይህ እንዲያውም ከናይትሮጅኑ ይልቅ ፈጥኖ ይገድላል፤ በዋና ጎበዝ የሆነ ሰው ደግሞ በድንጋጤ ጊዜ የሚመለሰው ወደ ለመደው፣ ትንፋሽ ወደ መያዝ ነው።

ጀርባ ላይ የሚታዘለውንም «የኦክስጅን ሲሊንደር» እያልህ አትጥራው። ተራ አየር ነው፣ ተጨምቆ የገባ። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች ራሱ መርዝ መሆን ይጀምራል። ሒሳቡን እንሥራው፦ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (አንድ ባር የባሕር ጠለል ግፊት ያህል ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። 30 ሜትር ላይ ግን ያው ሰው በየደቂቃው 80 ሊትር ይጨርሳል። 50 ባሩን ለመጠባበቂያ ትተህ የቀረው 22 ደቂቃ ነው፤ እሱም ተረጋግቶ ለሚተነፍስ። የፈራ ጀማሪ ግማሹን ጊዜ ላያገኝ ይችላል። የቀረውን አየር የሚያሳየውን ጌጅ በየሁለት ደቂቃው የማያይ ሰው ጥልቅ መርከብ ላይ ምን ይሠራል?

የመጀመሪያው ደረጃ የምስክር ወረቀት የሚፈቅደው እስከ 18 ሜትር ነው፤ 30 ሜትር ለመውረድ ቀጣዩን ትወስዳለህ። እንግዲህ 28 ሜትር ላይ ያለችው መርከብ የመጀመሪያህ ልትሆን አትችልም። ጓደኞችህ «እኛ ይዘንህ እንወርዳለን» ካሉህ ቢወዱህም እምቢ በላቸው።

መርከቧ ውስጥ ስለ መግባት። ከውጭ ሆነህ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ከጣራ ሥር መግባት ሌላ ነው። ውጭ ሆነህ ችግር ቢመጣ ወደ ላይ ሰማይ አለልህ። ውስጥ ግን ከራስህ በላይ ብረት ነው። ለዓመታት የተቀመጠ ደለል አለ፤ አንዲት የፊን፣ እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ፣ ምት ስታነሣው የእጅህን ባትሪ ብርሃን እንኳ የማታይበት ጭጋግ ይሆናል፤ ክረምት ላይ ጣርማ በርን የሸፈነውን ጉም አስብ። በሩን ታጣለህ። በዚያ ሙያ የሠለጠኑት ከደጅ ጀምረው ገመድ እየዘረጉ ይገባሉ፣ ሁለት ሦስት ባትሪ ይይዛሉ፣ አየራቸውንም ለሦስት ይከፍላሉ፤ ሲሶው ለመግቢያ፣ ሲሶው ለመውጫ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን። አንተ አትገባም። መስኮቱ ጋ ሆነህ በባትሪ ብርሃን ውስጡን ተመልከት፤ የሚታየው ይበቃሃል።

ምን ይታያል ካልኸኝ፣ የማልረሳትን አንዲት መርከብ ልንገርህ። ፖርት ሱዳን ደጃፍ ላይ ኡምብሪያ የምትባል የኢጣልያ የጭነት መርከብ በጎኗ ተኝታለች። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ ጦርነት ያወጀች ዕለት፣ እንግሊዞች እየፈተሿት ሳለ፣ ካፒቴኑ ዜናውን በሬዲዮ ሰምቶ ጭነቱ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ራሱ አሰጠማት። ጭነቷ 360,000 ያህል የአውሮፕላን ቦምብ ነበር፤ ወደ ምጽዋ የምትሄድ ነበረች። ሁለት ጊዜ ጠልቄባታለሁ። መተላለፊያው ላይ ሆነህ ባትሪህን ስትሰድ ቦምቦቹ እንደ እንጨት ክምር ተደርድረው ታያቸዋለህ፤ ዝገት ለብሰዋል፣ ትናንሽ ዓሦች በመካከላቸው ይመላለሳሉ። ሌላ ክፍል ውስጥ ፊያት መኪናዎች አሉ።

ያኔ ውሃው ውስጥ ሆኜ የታየኝ የእናቴ አገር ነው። በዚያች ሰኔ በመንዝና በተጉለት፣ በቡልጋና በመርሐቤቴ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ገና በዱር በገደሉ ነበሩ። ያ ቦምብ ለኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ የተጫነ ነበር። ስንቱ ጎጆ ላይ ሊወርድ እንደነበር ማን ያውቃል፤ ዛሬ ግን ዓሣ ይራባበታል። ጭምብሌ ውስጥ አለቀስሁ፤ ውሃ ሥር ማልቀስ እንደሚቻልም ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እንዲህ ዓይነት ነገር ነው መርከብ የሚያሳይህ። እናም በእጅህ አትንካ፣ ምንም ይዘህ አትውጣ። እነዚያ ቦምቦች ዛሬም ሊፈነዱ ይችላሉ። ብዙ የሰመጠ መርከብ ደግሞ መቃብር ነው፤ ቀይ ባሕር ላይ ጠላቂ ሁሉ የሚጎርፍባት የእንግሊዟ ቲስልጎርም እ.ኤ.አ. በ1941 በጀርመን አውሮፕላን ስትመታ ዘጠኝ ሰው አልቆባታል።

ስለዚህ ዕቅድህን እንዲህ አድርገው። በዚህ ጥምቀት 28 ሜትሩን ተወው። እጅግ ካማረህ ከአስተማሪ ጋር የሚደረገውን የሙከራ መጥለቅ ሞክር፤ ከ12 ሜትር አያልፍም። እሱንም ጥር 6 ጨርሰው። ጥር 7 እና 8ን ጅቡቲ ዕረፍ፤ ውሃ በደንብ ጠጣ፤ መጠጥና ጫት ይቅር፤ ጉንፋን ካለህ ደግሞ የሙከራውንም አትጥለቅ፤ ጆሮህ አይከፈትልህም። ጥር 9 ሌሊት እንዳሰብኸው ተነሣ። ከበዓሉ በኋላ ስትመለስ፣ ከደጋ ወደ ባሕር መውረድ በናይትሮጅን በኩል ችግር የለውም፤ አንድ ቀን ሙቀቱን ልመደውና ትምህርቱን ጀምር፤ የመጀመሪያው ደረጃ ሦስት አራት ቀን ነው። ቀጣዩን ስትጨርስ የመርከቧን ስም ጠይቀህ ጻፍልኝ፤ በየትኛው ጎኗ እንደተኛች፣ ሞገዱ በየት በኩል እንደሚመጣም ጠይቃቸው። ከዚያ መውረጃህን አብረን እናቅዳለን።